ይመር ሙሄ ያለቀሰላት

ሰፋሪው አምባ ስድስት በገባ ሰሞን የአሶሳን ቀርከሃ የናቀ ሁሉ የእጁን አግኝቷል። የወሎ ገበሬ ግራርና ወይራ ሲጥል የኖረ ሰው ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ቀጭን ነገር ፊቱ ሲደረደርለት «ይኸም እንጨት ተብሎ!» እያለ መጥረቢያውን በአንድ እጁ ያነሣበታል። ቀርከሃ ደግሞ ንቀት አይወድም። ጎንበስ አድርገው ሲቆርጡት ታግሶ ይቆይና ልክ ሊበጠስ ሲል ተፈናጥሮ ብድሩን ይመልሳል። አንዱን ግንባሩን ብሎት፣ ሰውዬው ሳምንት ሙሉ በማያውቀው አረብኛ ሲያወራ ሰንብቷል ይባላል። ሌላው የፊት ጥርሶቹን ለቃቅሞ በኪሱ ይዞ ገብቷል። ይመር ሙሄን ግን ያገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ ወንድ ልጅ ለጠላቱ እንኳ የማይመኘው ቦታ።

ያን ቀን ይመር አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያውቃቸውንም የማያውቃቸውንም ወልዮች በየስማቸው ጠራ። «ምን ሆንክ አያ ይመር?» ሲሉት «ወገቤን» አለ። በማግስቱም ወገቤን አለ። ሰነባብቶ ጎረቤቱ እንድሪስ «ወገብህ ወደ ታች ወረደ እንዴ? እግርህን በርግደህ እንደ ደረሰች እርጉዝ የምትሄደው ምንድን ነው?» ሲለው ያው ወገቤን ነው ብሎ ጸና። ከቁምጣው ሥር ግን ነገሩ በየቀኑ ያድግ ነበር። መጀመሪያ ሎሚ አከለ። ቀጥሎ የአሶሳ ማንጎ አከለ፤ ያውም ትንሹን ሳይሆን የመንገድ ዳሩን፣ ልጆች በድንጋይ የሚያወርዱትን።

ለምን እንደደበቀው በኋላ ለሰው የመሰለው ኀፍረት ነው። ኀፍረትም ነበረበት፤ ይመር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያን ስፍራ ለራሱም አሳይቶት አያውቅም። ዋናው ምክንያት ግን መኪና ነው። የታመመ ሰው መኪና ላይ ተጭኖ ይወሰዳል። ይመር ደግሞ ዳግመኛ መኪና ላይ ላለመውጣት ምሏል።

በሰባ ሰባት፣ ወሎ ውስጥ ከነበሩበት መጠለያ ሲጫኑ ሁለት ሴት ልጆቹ አብረውት ነበሩ። ትልቋ ሉባባ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለጋብቻ የተጠጋች፣ እናቷ ካለፈች ጀምሮ ለቤቱ እናት የሆነች ልጅ ናት። ትንሿ ጦይባ ገና ጥርሷን የምትቀይር፣ ረኀብ እንኳ አፏን ሊያዘጋው ያልቻለ ለፍላፊ ነበረች። የሚጭነው ሰውዬ ዱላውን በይመርና በልጆቹ መካከል አስገብቶ «ወንዶች በዚህኛው፤ ሴቶችና ሕፃናት በሚቀጥለው መኪና!» አለ። በመንግሥት አነጋገር «የሚቀጥለው መኪና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይመር ያን ጊዜ አያውቅም ነበር። አሶሳ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሚቀጥለው መኪና እስካሁን እየመጣ ነው። ከአምባ ለመውጣት ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ይመር ላገኘው ሹፌር ሁሉ «ይመር ሙሄ፣ የወሎ ቃሉ ሰው፣ አምባ ስድስት ነኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች ናቸው» እያለ ወሬውን ጫነ፤ እሱ ራሱ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ልጆቹ የመጡ ዕለት አባታቸው ሌላ መኪና ላይ ቢሆንስ?

በመጨረሻ ያሸነፈው ሽታው ነው። እንድሪስ አንድ ጠዋት ጎጆው ገብቶ፣ አፍንጫውን ይዞ ወጣና ጎልማሶች ሰብስቦ ተመለሰ። ይመርን የተሸከሙበት ቃሬዛ ከቀርከሃ የተሠራ ነበር። ይመር መንገዱን ሙሉ ዳርና ዳሩን እየገላመጠ ሲራገም ከተማ ገባ።

የሐኪም ቤቱ ዶክተር ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ጢሙ ከዕድሜው ይበልጣል። ቁምጣውን ገልጦ ሲያይ ግን ጢሙም ጭምር ደነገጠ።

«ከፍተን እናየዋለን» አለ። «የሚተርፍ ከሆነ እናተርፈዋለን። ካልሆነ ይወጣል። ምነው እስካሁን፣ አባቴ?»

«ወገቤን መስሎኝ» አለ ይመር።

ሕመምተኛ ማዘጋጀት የድሬሰሩ የጁምዓ ሥራ ነው። ጁምዓ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ነው። ቁስል ሲያጥብ እጁ እንደ ጥጥ ይቀላል፤ አማርኛን የተማረው ግን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እዚያው ሐኪም ቤት ነው። አማርኛ ለምን በየነገሩ ወንድና ሴት እንደሚለይ ብዙ አስቦበት መልስ ስላጣ፣ ሁሉንም ሴት አድርጎ ተገላገለ። ለጁምዓ ዶክተሩ ሴት ናት፤ ጢሙም ሴት ናት፤ ዝናቡም፣ መንግሥቱም፣ የዘበኛውም ጠመንጃ ሴት ናት።

«ይመር፣ ተነሺ። ሱሪሽን አውልቂ» አለው ምላጭ ይዞ።

ይመር ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አወለቀ። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ዲንሳ የሚባል የባምባሲ ነጋዴ፣ የተሰበረ እግሩን በገመድ አንጠልጥሎ ተኝቷል። ዲንሳ እግሩ ከታሰረ ወዲህ ምላሱ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል።

«አቦ ይመር! ለሠርግህ ነው የሚላጩህ?»

«ዝም በይ አንቺ ዲንሳ» አለ ጁምዓ። «ይቺ ሰውዬ ጭንቅ ላይ ናት።»

«ትጨነቅ እንጂ ሰውዬዋ! እኔ እንኳ ምላጯ አንተ እጅ ላይ ሆና ሳያት፣ እግሬ ደህና ቢሆን እዚህ አታገኘኝም ነበር።»

ይመር ሳያስበው ሣቀ። ሲሥቅ አመመው። ካለፈው ቀን ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም፤ ጁምዓ «ሆድሽ ባዶ ትሁን» ብሎት ነበር። ባዶ ሆድን ሐኪም ሲያዘው ይኸ የመጀመሪያው ነው።

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ» አለ፣ «ወሎ እያለሁ በየቀኑ ለቀዶ ጥገና ዝግጁ ነበርኩ።»



ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት የጁምዓን እጅ ያዘ። «ጁምዓ፣ አደራ። ዛሬ ከባምባሲ የሕመምተኛ መኪና ይመጣል ብለሃል። ከዚያ ማዶ ካሉት አምባዎች ሰው ይኖርበታል። ስለ ልጆቼ ጠይቅልኝ። ሁለት ናቸው፤ የቃሉ ልጆች። አሉ ወይ በልልኝ።»

«ወላሂ እጠይቃለሁ። አንቺ ስትነቂ መልሷን ትሰሚያለሽ።»

መርፌው ክንዱ ውስጥ ሲገባ ይመር የሚያስበው ስለሚቆረጠው ነገር አልነበረም። ጣሪያው እንደ አውድማ በሬ ዞረ፣ ዞረ፤ ከዚያ ጨለመ።

ሲነቃ አፉ ጨርቅ ሆኗል። ከወገቡ በታች ያለው የሌላ ሰው ነው። ከበላዩ የጁምዓ ፊት አንዴ ሁለት፣ አንዴ አንድ እየሆነ ይታየዋል።

«አብሽሪ ይመር። አብሽሪ።»

«ምን... ምን ተገኘ?»

ጁምዓ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «እውነቷን ልንገርሽ። አንዷ ሞታለች።»

ይመር የጁምዓን አማርኛ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሲሥቅበት ነበር። ማደንዘዣ ግን ሰዋስው አይመረምርም። ስለ ልጆቹ ጠይቆ የተኛ ሰው፣ ሲነቃ የሚሰማው ስለ ልጆቹ ነው።

«አንዷ ግን ደህና ናት» አለ ጁምዓ። «በጣም ኩዋይስ ናት። እኔ በእጄ ነክቻታለሁ።»

«መቼ... መቼ ሞተች?»

«ቆይታለች። ጠቁራለች። በጊዜዋ ብትመጪ ኖሮ ትድን ነበረች። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ።»

ዝም ብሎ ተቀምጧል። እውነት ነው። አምባ ስድስት ላይ ተጎልቶ የሚቀጥለውን መኪና ሲጠብቅ ከርሟል።

«የት ተቀበረች?»

«እዚሁ ጓሮ። እኔ ራሴ ቀበርኳት። ቢስሚላህ ብዬ ነው፤ ሐሳብ አይግባሽ።» ጁምዓ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበለት። «ማዕሌሽ ይመር። ለሰው አንዷ ትበቃዋለች። ስንት ሰው ናት በአንዷ የምትኖረው!»

«የትኛዋ?» የሚለው ቃል ከይመር ጉሮሮ ተነሥቶ ጥርሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቢጠይቅ ጁምዓ ይነግረዋል፤ ከነገረው ነገሩ ያልቃል። ካልጠየቀ ግን ገና አልተወሰነም። እዚያች ክፍተት ውስጥ የይመር ልብ፣ ይመርን ሳያማክር፣ ትንሿን ከኋላው ሸሸጋትና ትልቋን ወደ ፊት ገፋት።

«ሉባባዬ!» አለ አፉ። «ሉባባዬን!»

ጁምዓ ግራ ገባው። በሐኪም ቤት ሥራው ብዙ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም። የወሎ ሰዎች ለዚያ ነገር ስም ያወጣሉ ማለት ነው። አገሩ ሰፊ ነው፤ የሰዉ ልማድ አያልቅም። አንገቱን ደፍቶ «አላህ ይተካልሽ» አለና በአክብሮት ወጣ። በማግስቱ ለክትባት ዘመቻ ሆሞሻ ተላከ።

ይመር አለቀሰ። አንጀቱን ይዞ፣ አፉን በብርድ ልብስ ጠቅጥቆ አለቀሰ። ሲያለቅስ ስፌቱ ይሳባል፤ ሲሳብ ያቃጥለዋል፤ ሲያቃጥለው ደግሞ «ይገባኛል» እያለ የባሰ ያለቅሳል። ዶክተሩ በጉብኝት ሰዓት መጥቶ ፋሻውን አየ። ፋሻው ያን ስፍራ ከታች ደግፎ ወገቡ ላይ የታሰረ፣ ዲንሳ «የወንድ ጡት መያዣ» ያለው ነገር ነው። ዶክተሩ «ቁስሉ ግሩም ነው» አለ። «ብዙ ወንድ መጀመሪያ ላይ ይከፋዋል። ያልፋል።» የተከፋው በምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሰዓት አልነበረውም።

የአሶሳ ቀትር የታወቀ ነው። ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ነርሶቹ ምሳ ይወጣሉ፣ ዝንቦቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ሽማግሌዎች በቀትር ሜዳ አታቋርጡ፣ ውሃ ዳር አትቀመጡ የሚሉት በምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት፣ ክፍሉ ሁሉ አሸልቦ፣ ይመር ዓይኑን ሲገልጥ ሉባባ አልጋው እግርጌ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። መጠለያው ውስጥ ስንዴ ሲታደል ተራ ትጠብቅ የነበረው እንደዚሁ ነው። አታለቅስም። አትቆጣም። ስሟ ሲጠራ ሰምታ «አቤት አባ» ብላ እንደመጣች ልጅ፣ የሚላት ካለ ለመስማት ታየዋለች።

ምን ይበላት?

በሌላውም ቀትር መጣች። የማይገባው ነገር አንድ ነው፤ የሞት መልአክ እንኳ ስም ይዞ ይመጣል። ይመር ግን ስም የጠየቀው ሳይኖር ስም ሰጠ። ያቺ ልጅ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የራሷን ቁራሽ ለጦይባ፣ የጦይባን ትራፊ ለራሷ ስታደርግ የኖረች ናት። አሁንም አባቷ ያንኑ አደረጋት፤ በጦይባ ፈንታ ለሞት አስቀደማት።

እንድሪስ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ይመር ከጣሪያው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ሉባባ ሞታለች» አለው። እንድሪስ ነጠላውን አገላብጦ ለብሶ አምባ ስድስት ገባ።

አምባ ስድስት ለለቅሶ ሰንፎ አያውቅም። የላስቲክ ሸራ ተወጠረ፣ የዕርዳታ በቆሎ ተቀቀለ፣ ደረት ተመታ። ከወሎ ሲነሡ በየመንገዱ ጥለውት የመጡት ሙት ሁሉ ለቅሶ ሳይወጣለት የቀረ ስለሆነ፣ ሰዉ በሉባባ አሳቦ የየራሱን አለቀሰ። ሴቶቹ ስም ይጠራሉ፤ የሚጠራው ስም ግን የሉባባ ብቻ አልነበረም። የአምባው ካድሬ ሳይጠራ መጣ፤ ካድሬ ሰው የተሰበሰበበትን ሸራ አልፎ መሄድ አይችልም። ጉሮሮውን ጠርጎ «ጓዲት ሉባባ ይመር ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ለማዋል በተደረገው ትግል ውስጥ ወድቃለች» አለና፣ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አዘዘ። ሕፃን ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚህ የበለጠ ክብር ያገኘ ቆለጥ በዓለም ታሪክ ውስጥ ያለ አይመስልም።

ስፌቱ በወጣ ማግስት ጁምዓ ከሆሞሻ ተመለሰ። ይመር ግድግዳ ተደግፎ እየተራመደ ጠበቀው።

«ጁምዓ፣ መቃብሯን አሳየኝ።»

«መቃብሯን?»

«ቀበርኳት አላልክም?»

ጁምዓ የይመርን ፊት አየና መከልከል አልቻለም። በጓሮ በር አወጣው። ከምግብ ማብሰያው አልፎ፣ ከሽንት ቤቱም አልፎ፣ በእሾህ የታጠረች አንዲት ጉድጓድ አለች፤ ከሰው የሚቆረጥ ነገር ሁሉ የሚቀበርባት ናት። አፈሯ ገና እርጥብ ነው። ይመር ቆሞ በዓይኑ ለካት።

«ይቺ አትበቃትም» አለ። «ልጄ ረጅም ናት።»

«ማናት ልጅሽ?»

«ሉባባ። አጥፈህ ነው እንዴ የቀበርካት?»

«ይመር» አለ ጁምዓ ቀስ ብሎ፣ «ምን እያወራሽ ነው?»

«የትኛዋን ነው የቀበርካት?» ይመር ያን ቃል በመጨረሻ አወጣው። «ንገረኝ። ትልቋን ነው ትንሿን? የትኛዋን?»

«የግራሽን ነዋ!» አለ ጁምዓ።

ከማብሰያው ቤት አንዲት ሴት ድስት ስትፈገፍግ ይሰማል።

«የግራዬን ምን?»

ጁምዓ በእጁ አሳየው። ይመር የተጠቆመውን ስፍራ ቁልቁል ተመለከተ፤ ቀና ብሎ ጁምዓን ተመለከተ፤ ጉድጓዷን ተመለከተ።

«ልጆቼስ?»

«መኪናዋ አልመጣችም። ጎማዋ ፈነዳች። ወላሂ ዘመቻ ሄድኩኝ፤ እነግርሻለሁ ብዬ ረሳሁኝ።» ጁምዓ አሁን ገባው፤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያ አላህ! ሉባባ ሰው ናት?»

ይመር አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሣቀ። እንባው እየወረደ ሣቀ። ጁምዓ መጀመሪያ ይቅርታ ይለምነው ነበር፤ በኋላ እሱም ጀመረ፤ ተደጋግፈው ሲገቡ ዲንሳ ጉዳዩን ሰምቶ፣ በሣቅ ሲንፈራፈር እግሩ የተንጠለጠለበትን ገመድ በጠሰ።

«አንዷ ቀርታልሃለች!» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «አቦ፣ እሷን ደህና አድርገህ ያዝ! እሷንስ ማን ብለሃታል? ስሟን ንገረኝ፣ ሰላም ልበላት!»

ወሬው ከይመር በፊት ከሐኪም ቤት ወጣ። ሹፌሮች ጫኑት፣ ወዛደሮች አወረዱት። ባምባሲ ሲደርስ ቆለጡ የሬሳ ሳጥን ተሠርቶለት ነበር። ካማሺ ሲደርስ መንገዱ ስለሚያንገላታ ይሆናል፣ ሁለት ሆኖ ነበር የገባው፤ ሁለቱም ተዝካራቸው ወጥቶ። በየትም ይነገር በየት ግን አንድ ነገር ሳይለወጥ ይተላለፋል፤ ሰውዬው ከማደንዘዣ ሲነቃ «ሉባባዬ!» ያለው።

ይመር አምባ ስድስት ሲመለስ ሰዉ በሣቅ ተቀበለው። «የበላነውን ንፍሮ እንመልስ ወይስ ለሌላዋ ይያዝልህ?» አሉት። ካድሬው ብቻ አልሣቀም። የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አንዴ ከተደረገ በኋላ እንዴት እንደሚሰረዝ መመሪያ አልነበረውም። ይመር ከሁሉም ጋር ሣቀ። ከባድ ነገር አታንሣ ስለተባለ ከማኅበሩ እርሻ ነፃ ሆኖ፣ በጎጆው ደጅ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት መሥራት ጀመረ። ሲያስነጥሰው ቁስሉን በእጁ ይደግፋል፤ ሲነሣ አንድ ጎኑን አስቀድሞ ይነሣል። ቁስሉ እየጠገገ ነበር።

ቀትር ሲሆን ግን ሉባባ ትመጣለች። ከሐኪም ቤት እስከ አምባው ማን መንገድ እንዳሳያት አላህ ይወቅ። በተሳሳተ ዜናም ቢሆን ተጠርታለች፤ የተጠራች ልጅ ደግሞ ሂጂ ካላሏት አትሄድም። መደቡ እግርጌ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። ይመር የጦይባን ስም ለመጥራት ፈራ። ስም መጥራት ምን እንደሚያመጣ አይቷል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዘር የጫነ መኪና አምባ ስድስት ቆመ። ይመር ቀና አላለም፤ ለመኪና ቀና ማለት ከተወ ቆይቷል። እንድሪስ እየሮጠ መጣና «ይመር! ይመር!» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋው። ከኋላው ቀጭን፣ ረጅም ልጅ በላስቲክ ጫማ ቆማለች።

«አባ» አለች። «ሞታለች ብለህ አለቀስክልኝ አሉ።»

ሉባባ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ከባምባሲ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነ አምባ፣ የጋራ ማብሰያ ቤት ስትሠራ ከርማለች። አንድ ወዛደር ገንፎ እየጠበቀ ያቺን ወሬ አውርቶ ቤቱን በሣቅ ሲያፈርሰው፣ እሷ ብቻ ማማሰያዋን እንደያዘች «የሰውዬው ስም ማን ነው?» አለች።

ይመር አቀፋት። አጥንቷ፣ ትከሻዋ፣ ላቧ፣ ሁሉም የሕያው ሰው ነው። አቅፏት ግን ዓይኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ መኪናውን ይፈልግ ነበር።

«ማንን ታያለህ?»

«ጦይባስ?»

«ሳል ይዟት ነበር። የመጠለያው ሐኪሞች ለብቻ ወሰዷት። ትመለሳለች አሉ። መኪናው ተነሣ።» ከዚያ ወዲያ የምታውቀው አልነበረም።

አምባው ተሰበሰበ። እልልታ ቀለጠ። ሉባባ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ለመጣው ሁሉ ደጋግማ ታወራ ጀመር። «እኔ ጦይባን ብቻ የሚወድ ነበር የሚመስለኝ» ትላለች እየሣቀች፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «እኔ አልታየውም እል ነበር። አንጀቱ እስኪበጠስ ለኔ!»

«ማደንዘዣ የሰውን ልብ አውጥቶ ያሳያል» አለ እንድሪስ ምስክር ሆኖ። «ከእንቅልፉ ሲነቃ አፉን የሞላው ያንቺ ስም ነው። እኔ ነኝ የሰማሁት!» አልሰማም ነበር፤ ሆኖም በመሐላ አጸናው።

«ንገራቸው እስቲ አባ። እንዴት ብለህ ነው የጠራኸኝ?»

ሰዉ ይጠብቃል። ይመር ቀና ብሎ አያት። የልጅቱ ፊት እንዲህ በርቶ አይቶት አያውቅም፤ እናቷ እያለችም ቢሆን።

«ሉባባዬ ብዬ» አለ።

«ሰማችሁ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስወራዋለች። ይመርም ያወራል፤ ቀርከሃውን፣ ምላጩን፣ የካድሬውን ጸሎት እየጨማመረ ያሥቃል። የምትወደው ቦታ ላይ ሲደርስ ወደ እሷ አያይም።

ቀትር ላይ ሉባባ ከማኅበሩ እርሻ ተመልሳ በበሩ ጥላ ጋደም ትላለች። ትንፋሿ ይሰማል። ይመር መደቡ ላይ ይጋደማል። ያቺኛዋ ታዲያ መምጣቷን አልተወችም። ሕያዋ እዚያ ተኝታ፣ እሷ እግርጌው ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች፤ ያንኑ ቁመት፣ ያንኑ ፊት ይዛ። የበሩ ጥላ ላይ ያለችው አባቷ እንደሚወዳት ታውቃለች። እግርጌው ያለችው ደግሞ ለምን እንደተጠራች ታውቃለች። ሁለቱ አይተያዩም።

«አባ» አለች ሕያዋ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እግርህን ምን አኮራመተህ? ሐኪሙ ዘርግተህ ተኛ አላለህም? ቁስልህ ይሸበሸባል።»

«ይመቸኛል» አለ ይመር።

እግሩን ትንሽ ጨምሮ ሰበሰበ፤ መደቡ ጠባብ ስለሆነ፣ ለተቀመጠችው ቦታ እንዲበቃት።